በየወሩ አንዲት ነጥብ

ሟቹ በወር አንድ ጊዜ ይናገር ነበር።

ብዙ አይልም፤ አንዲት ነጥብ ብቻ። የአገር አቋራጭ ሹፌሮች በሚሰባሰቡበት የስልክ ግሩፕ ውስጥ፣ ስለ ጎማ ዋጋና ስለ ዳገቱ ጭጋግ በሚወራበት መሀል፣ ያ ጥርሱን ገልጦ የሚስቅበት ፎቶው ብቅ ይላል፤ ከጎኑም አንዲት ነጥብ። ያን ጊዜ አፈኛው ሁሉ ጸጥ ይላል። ትንሽ ቆይቶ አንዱ ስለ ዘይት ማጣሪያ ይጠይቃል፤ ሌላው ይመልስለታል፤ ወሬውም ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። የረሳ ሰው ግን አልነበረም።

ነጥቧን የምትልከው ሚስቱ ነበረች።

መናኸሪያው ውስጥ ትኬት ቆራጭ ናት። ከመስታወቱ ኋላ ተቀምጣ ቀኑን ሙሉ የሰው እጅና የሰው አገጭ ስታይ ትውላለች። ከመሳቢያዋ ውስጥ ሁለት ጥቁር ስልክ አለ። አንድ ቀን፣ ከአንድ ሱቅ፣ እየተሳሳቁ የገዟቸው ናቸው፤ አንዱ የእሷ፣ አንዱ የእሱ። ባሏ የሚነዳው አውቶቡስ ኩርባ ላይ መንገድ ስቶ ሲወድቅ ተሳፋሪው ሁሉ በቁስል ተረፈ፤ ሹፌሩ ብቻ ቀረ። ስልኩ መስታወቱ ተሰንጥቆ ከኪሱ ወጥቶ መጣላት።

ነጥብ መላክ የጀመረችው በቦቱ ምክንያት ነው። ግሩፑን የሚጠብቀው ሰው ሳይሆን ቦት የሚሉት በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም ነበር፤ ሁሉም "ስምሪቱ" የሚለው የስምሪት ክፍሉ ሠራተኛ በትርፍ ጊዜው የሠራው። ሹፌሮቹ "ረዳቱ" ይሉታል፤ የአውቶቡስ ረዳት የሚሠራውን ሁሉ ስለሚሠራ። አዲስ ሰው ሲገባ "ግቡ፣ ቦታ አለ!" ይላል። የሚሳደብ ሲገኝ "አፍዎን ይሰብስቡ፣ ሴቶች ተሳፍረዋል" ብሎ ስድቡን ያጠፋል። ቤት የሚሸጥ፣ ጸጉር የሚያበቅል መድኃኒት የሚያስተዋውቅ በአጠገቡ አያልፍም። ለረጅም ጊዜ አንድም ቃል ሳይተነፍስ የቆየውን ደግሞ "ወራጅ አለ!" ብሎ ያስወጣዋል። ይህን የመጨረሻውን ሕግ በልመና ያስገባው ራሱ ሟቹ ነበር። በሕይወት ሳለ "ጡሩንባ" ነበር የሚሉት፤ እሱ ካለ ሌላ ሰው አይሰማም። "ዝም ብሎ የሚያዳምጥ ሰው ወይ ሌባ ነው ወይ ሰላይ ነው፤ አውርድልን!" ብሎ ስምሪቱን ወጥሮ ያዘው። ስምሪቱም የልብ ጓደኛው ነበርና እንዳለው አደረገለት።

ባሏ ከሞተ በኋላ አንድ ቀን ቦቱ ጡረታ የወጣ አንድ ሹፌር ሲያወርድ አየች። "ወራጅ አለ!" አለ፤ ሹፌሮቹም በሳቅ ተንከተከቱ። ነገ ለሱም እንዲሁ ሊባል ነው። እንደ ተራ ተሳፋሪ፣ ከመንገድ ዳር፣ እየተሳቀ ሊወርድ ነው። የተሰነጠቀውን ስልክ ቻርጅ ላይ ሰካችው፤ አንዲት ነጥብ ላከች። በሚቀጥለውም ወር እንዲሁ። በሚቀጥለውም።

ለማንም ያልነገረችው ሌላም ነገር ነበራት።

ስምሪቱ በየጠዋቱ የዕለቱን ስምሪት ይዞ ወደ መስኮቷ ይመጣል። ድሮ ከባሏ ጋር ሆነው ሲቀልዱ ወንድሟ ይመስላት ነበር። ከሞቱ በኋላ ግን መስታወቱን ተደግፎ ትንሽ ይቆያል፤ "ምሳ በላሽ?" ይላታል፤ አልበላሁም ስትል ይቆጣል። አንድ ጠዋት ወረቀቱን በቀዳዳው ሲያቀብላት ጣቱ ጣቷን ነካው። ሁለቱም እጃቸውን ቶሎ አልሳቡም። ከዚያ ቀን ወዲህ ስምሪቱ መስኮቱ ጋ መቆም ተወ። ወረቀቱን አስቀምጦ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ይሄዳል። እሷም ንቆኛል አለች። የጓደኛዬን ሚስት በዓይኔ ተመኘሁ ብሎ ተጸየፈኝ፤ ወይም የእኔን ዓይን አይቶ ተጸየፈኝ አለች።

የምትኖረው ደግሞ ከአማቷ ጋር ነው። አማቷ ስምሪቱን ባዩት ቁጥር አንገቱን አቅፈው "የቀረኸኝ ልጄ" ይሉታል። ይህን እየሰማች ምን ታስባለች? ሰው ከሰማ "ገና አፈሩ ሳይደርቅ ከወንድሙ ጋር" ይላታል። እናም ልቧ ወደዚያ ሰው ባዘነበለ ቁጥር መሳቢያውን ትከፍታለች።

*

አንድ ቀን ጠዋት ነጥቧን ልካ ስልኩን ገና አልመለሰችም ነበር። የመጀመሪያው አውቶቡስ ሞልቷል። እንደ ሥራዋ ወግ፣ መኪናው ሲሞላ ለሹፌሩ በግሩፑ ላይ "ሙሉ ነው፣ ይውጣ" ብላ መጻፍ አለባት። በዚያች ቅጽበት ስምሪቱ በመስታወቱ ፊት አለፈ። ቀና ብሎ አላያትም። ዓይኗ ጀርባውን ተከትሎ ሄደ፤ እጇ በቀረበው ስልክ ላይ ጻፈ።

"ሙሉ ነው፣ ይውጣ።"

ላከችው። ዝቅ ስትል ስንጥቁን አየች።

ለማጥፋት ጊዜ አላገኘችም። ከግቢው መሀል የአውቶቡስ ሞተር ቀጥ አለ፤ በሩ ተበረገደ፤ ክረምት ከበጋ ካፖርት ስለማያወልቅ "ካፖርቱ" የሚባለው ሽማግሌ ሹፌር ቁልፉን እንደ እባብ ከሰውነቱ አርቆ ይዞ ወረደ።

"ይኸውላችሁ ቁልፉ! የፈለገ ይንዳው!"

"ምን ሆነሃል ጋሼ?" አለው ረዳት ሆኖ የሚሠራው ጎረምሳ።

"ጡሩንባ ውጣ አለኝ! እየው! ነጥብ ሲልክ ዝም አልኩ፤ ነፍሱ ማረፊያ አጥታ ነው ብዬ ዝም አልኩ። አሁንማ ስምሪት ጀመረ!"

"ኔትወርክ ነው ጋሼ፣ ኔትወርክ ነው!"

"ከወዲያኛው ዓለም የሚይዝ ኔትወርክ ካለ ለእኛ ሰፈር ይስጡልና! እኔ ሙት ባዘዘኝ መንገድ አልወጣም!"

አንዲት ተሳፋሪ በመስኮት አንገቷን አውጥታ "አባቴ፣ የሐኪም ቀጠሮ አለብኝ፤ እባክዎ" አለች።

"እናቴ፣ አንቺ ቀጠሮሽ ከሐኪም ጋር ነው። የእኔን ቀጠሮ ማን እንደያዘው ይኸው በስልኬ አየሁት!"

የሳቀ ነበር፤ ሳቁ ግን ቶሎ ሞተ። ሹፌሮቹ ስልካቸውን እያወጡ ተሰበሰቡ። ያው ፎቶ፣ ያው የተገለጠ ጥርስ፣ ከጎኑም ያ ቃል። ትኬት ቆራጯ ከመስታወቱ ኋላ ደርቃ ቀረች። ወጥታ "እኔ ነኝ" ማለት ፈለገች፤ ግን ስልኩን መሳቢያው ውስጥ ከተተችው።

ስምሪቱ እየሮጠ መጣ። ስልኩን ተቀብሎ አየ። ከዚያ ቀና ብሎ ወደ መስኮቷ ተመለከተ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ። ረጅም አስተያየት ነበር። አለቀልኝ አለች።

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። "ዛሬ ጠዋት ቦቱን ስነካካ አበላሸሁት። የትኬት ክፍሉን መልእክት በሌላ ሰው ስም አወጣው።"

"ነጥቡስ?" አለ ካፖርቱ።

"እሱም የእኔ ጥፋት ነው።"

"በሟች ስም ትጫወታለህ? ጓደኛህ አልነበረም? ከአንድ ሳህን አልበላችሁም?"

"በልተናል።"

"ታዲያ አታፍርም?"

"አፍራለሁ ጋሼ" አለ ስምሪቱ። ይህን ሲል ድምፁ ተሰበረ፤ ሹፌሮቹ ሁሉ ጥፋቱን ያመነ መሰላቸው። እሷ ግን በዚያች ቀዳዳ የሰማችው ሌላ ነገር ነበር፤ ምን እንደሆነ ስም ልትሰጠው አልደፈረችም።

የመናኸሪያው ሥራ አስኪያጅ ከቢሮው ወረደ። ሌላ ሹፌር ተፈልጎ አውቶቡሱን ይዞ ወጣ። ሥራ አስኪያጁም በሰው ሁሉ ፊት ጣቱን ቀስሮ "ያ ስም ዛሬውኑ ከግሩፑ ይውጣ" አለው። "የማታው መኪና ከመነሳቱ በፊት። አለበለዚያ ረዳትህም አንተም አብራችሁ ትወርዳላችሁ።"

እሷ ከመስታወቱ ኋላ ሆና ትኬት ቆረጠች። የቆረጠችው ለማን እንደሆነ፣ ወዴት እንደሆነ አታውቅም። ባሏ ለሁለተኛ ጊዜ ሊሞትባት ነበር፤ የሚገድለውም ያ የምትወደው ሰው ነው።

*

በምሳ ሰዓት የትኬት ክፍሉ የጓዳ በር ተንኳኳ። ስምሪቱ በዚያ በር ገብቶ አያውቅም። ከመስታወት ውጭ ሲታይ የበለጠ የከሳ ሆኖ ታያት።

"ለምን ዋሸህ?" አለችው፤ እንዲቀመጥ እንኳ ሳትጋብዘው።

"ምን ልበላቸው? እሷ ናት ልበል? ከዚያስ በዚህ ቀዳዳ በኩል ሰው እንዴት አድርገሽ ታያለሽ?"

"ታውቅ ነበር ማለት ነው።"

"ስልኩን ከሆስፒታል ተቀብዬ በእጅሽ ያስረከብኩሽ እኔ አይደለሁም? ሌላ ማን ይልካል?"

"ከመጀመሪያዋ ጀምሮ?"

"ከመጀመሪያዋ።" ግድግዳውን ተደገፈ። "ነጥቧ ግን አታስፈልግም ነበር። ከቀብሩ ማግስት ለረዳቱ ነግሬዋለሁ። ይህን ሰው እንዳትነካው ብዬ አስሬዋለሁ። ዕድሜ ልኩን ዝም ቢል አያወርደውም።"

ደሟ ወደ ፊቷ ወጣ። ስንት ጊዜ መሳቢያ ከፍታ፣ ስንት ጊዜ አልቅሳ!

"ይህን ሁሉ ጊዜ ስቃጠል እያየህ! አንዲት ቃል ለምን አልነገርከኝም?"

"ልነግርሽ ስመጣ እሱ ይቀድመኛል!" አለ፤ የታፈነው ሁሉ አንድ ላይ ወጣ። "ዛሬስ እነግራታለሁ ብዬ ስነሳ ስልኬ ላይ ያ ጥርሱ ይመጣል። ባልሽ በየወሩ 'አለሁ' እያለኝ እኔ በየት በኩል ልግባ? ሌላ ሰው ቢሆን እጣላው ነበር። ከሱ ጋር እንዴት ልጣላ? እኔም ናፍቆኛል እኮ! ፎቶው ሲመጣ መጀመሪያ ደስ ይለኛል፤ ከዚያ እሱን ጠልቼው አገኛለሁ፤ ከዚያ ራሴን።"

እሷ ወንበሩን ያዘች።

"እኔ ንቀት መስሎኝ ነበር" አለች ቀስ ብላ። "መስኮቱ ጋ መቆም ስትተው።"

"ንቀት?"

"ያ ቀን… ጣትህ የነካኝ ቀን። ወረቀቱን ተቀብዬህ ምን እንደተጻፈበት ማንበብ አቃተኝ። ያን ወር ብቻ ነው ሁለት ጊዜ ነጥብ የላክሁት። ለሱ መስሎህ ነበር? ለራሴ ነው። አንቺ ሴት፣ ባል አለሽ፣ ለማለት ነው። አንተን ባሰብኩ ቁጥር እሱን አስነሳለሁ። አስነስቼ መሀላችን አቆመዋለሁ።"

ውጭ አንድ ልጅ እያለቀሰ፣ እናቱ እያባበለችው አለፉ።

"ሌላም አለ" አለች። "የሞተ ቀን ለሱም የጻፍኩለት እኔ ነኝ። መኪናው ውስጥ ሆኖ ምላሱን አወጣብኝ። እየሳቅሁ 'ሙሉ ነው፣ ይውጣ' ብዬ ጻፍኩ። እየሳቅሁ! ዛሬ ያንኑ ቃል ከእሱ አፍ ሳየው የመለሰልኝ መሰለኝ።"

"ያን መኪና የመደብኩለት እኔ ነኝ" አለ ስምሪቱ። "ዛሬም በየጠዋቱ ስፈርም እጄ ያመኛል። ሁለታችንም ሥራችንን ነው የሠራነው። ይህን ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ አንድ ቀን አምኜ አላውቅም። አንቺን ግን ጥፋተኛ ናት ብዬ ያሰብኩበት ቀን የለም።"

"እኔም አንተን።"

ተያዩ። መሀላቸው መስታወት አልነበረም፤ እጁን ቢዘረጋ ይደርስባት ነበር። አልዘረጋም።

"አላስወጣውም" አለ በመጨረሻ። "ሥራውን ይውሰዱት።"

"ሥራህን አጥተህ የት ልትሄድ?"

"አንቺ የሌለሽበት መናኸሪያ ሞልቷል። ምናልባት እዚያ ይሻለኛል።"

ይህን ሲል ሊያስፈራራት አልነበረም፤ ደክሞት ነበር። እሷም ከሟቹ ጋር ብቻዋን ስትቀር ታያት፤ ያ ጥርስ፣ ያ ነጥብ፣ እስከ እርጅና ድረስ።

"እናቱ ሳያውቁ አይሆንም" አለች፤ የመስኮቱን መጋረጃ ጎትታ ዘጋች። "ና፣ አብረን እንሂድ።"

*

አማቷ መስኮት ስር ተቀምጠው አንሶላ ያጥፋሉ። ስልካቸው ጭናቸው ላይ ነው። ማንበብ ባይችሉም ልጃቸው በሕይወት ሳለ ግሩፑ ውስጥ አስገብቷቸዋል፤ የደረሰበትን አገር በድምፅ ሲናገር እንዲሰሙት።

"በሥራ ሰዓት ሁለታችሁም? ማን ሞተ?" አሉ። ከዚያ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

ምራታቸው እግራቸው ሥር ተንበረከከች። ስምሪቱ ደጃፉ ላይ ቀረ።

"እማማ፣ በእሱ ስም ነጥብ የምልከው እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ።"

"እንዴት አወቁ?"

"እኔ የወለድኩት ልጅ ነጥብ ይልካል?" አሉ አማቷ። "ገና ከሆዴ ሲወጣ አዋላጇ 'ጆሮዬን!' ብላ የጮኸችለት ልጅ! እሱ የመጣ ቀን ሰፈሩ ነበር የሚነሳው። ነጥብ ይልካል አለችኝ!"

ስምሪቱ ሳያስበው ሳቅ አመለጠው፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው መንቀጥቀጡን ቀጠለ፤ ሳቅ ግን አልነበረም።

"ታዲያ ፎቶው ሲመጣ ለምን ይስሙታል?" አለች ምራታቸው። "እኔ እኮ እርስዎ ሲስሙት እያየሁ ነው ማቆም ያቃተኝ።"

"ባልስመው ይከፋታል ብዬ ነዋ! አንቺ የምትጽናኚበት ነገር ነው ብዬ ዝም አልኩ።" አንሶላውን አስቀመጡ። "የኛ ነገር! ሦስት ሆነን አንዱን ሰው አላሳርፍ አልነው።"

ልቅሶዋ እስኪበርድ ራሷን ዳሰሱላት። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ደጃፉ አነሱ።

"አንተ ሳታንኳኳ ነበር የምትገባው። ዛሬ ደጅ የቆምከው ምን ሆነህ ነው?"

አማቷ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አዩ። ሴትዮዋ ፊደል አይቁጠሩ እንጂ ፊት ያነባሉ።

"ልጄ እያልኩ ስጠራህ ቆይቻለሁ" አሉ። "ብቸኝነት ሲብሰኝ ነው። ወልጄህ አይደለም። ለእሷም ወንድም አልወለድኩላትም።"

"እማማ…" አለ ስምሪቱ።

"ጨርሼ ልናገር። ደስ ይለኛል አልልም። አይለኝም። አብራችሁ ስትወጡ ስትገቡ አንጀቴ ያርራል፤ አንዳንድ ቀን ሰላም እንኳ አልላችሁ ይሆናል። ቻሉኝ። ግን አንድ ቀብሬአለሁ፤ ይቺን ቁማ እንድትቀበርብኝ አልፈልግም።"

ቆይተው ስለ ግሩፑ ጠየቁ፤ ስምሪቱም ሥራ አስኪያጁ ያለውን ነገራቸው። ስሙ ብቻ እንደሚወጣ፣ የተናገረው ድምፅ ሁሉ ግን እዚያው እንደሚቀር አስረዳ።

"ስሙን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ የምጠራውም እኔው ነኝ" አሉ አማቷ። "እነሱ ይተዉት።"

ስምሪቱ ጫማውን አውልቆ ገባ። የራሱን ስልክ ለእሷ አቀበላት። "ረዳቱ እንዳይጮህ አፉን ዘግቼዋለሁ" አላት በሹክሹክታ። "እኔ ላድርገው?"

"አይ" አለች።

ፎቶውን ነካችው። ስልኩ እርግጠኛ መሆኗን ጠየቃት። አልነበረችም። አማቷ እጃቸውን በእጇ ላይ ደረቡ፤ ሻካራ፣ ሙቅ፣ አሁን ከአንሶላው የወጣ የሳሙና ሽታ ያለው እጅ። ተጫነችው። ጥርሱ ከመስታወቱ ላይ ጠፋ፤ ከሥሩ የነበሩት ሹፌሮች አንድ አንድ ከፍ ብለው ቦታውን ሞሉት።

አማቷ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ስምሪቱ መቀመጥም መቆምም ሳይሆንለት መሀል ወለሉ ላይ ቆመ፤ "ልሂድ?" አለ።

"አትሂድ" አለች። ድምፁ ከእሷ መውጣቱን ያወቀችው ከተናገረች በኋላ ነው።

ጆሮዋን ጥላ ጠበቀች። አንድ ነገር ይሆናል ብላ፤ በር ይመታል፣ አንድ ሰው ይጮህባታል ብላ። የሰማችው የስምሪቱን ትንፋሽ ነው፤ የሕያው ሰው ትንፋሽ፣ ፈራ ተባ የሚል፣ እዚያው አጠገቧ። ደረቷ ላይ ለረጅም ጊዜ የተቀመጠው ነገር ተነስቶ እንደሄደ ተሰማት። ቀለላት። በሕይወቷ እንደዚያች ቅለት ያስፈራት ነገር አልነበረም።